ወደብ ምን ይመስላል

አውሮፕላን ከየት እንደመጣ በወለሉ ይታወቃል። ይህን የተማርኩት በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስጠርግ በኖርኩባቸው ዓመታት ነው። ከቅርብ አገር የመጣው የብስኩት ፍርፋሪና የተጣጠፈ ጋዜጣ ይተዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲበር ያደረው ደግሞ ነጠላ ካልሲ አያጣም። ከካሪቢያን ባሕር ወገን የመጣው አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ምንጣፉ ላይ፣ በመቀመጫው ስፌት መሀል፣ ነጭ አሸዋ። ጓደኛዬ ቫኪዩሙን ከማሳለፏ በፊት ያን አሸዋ በጣቷ ትነካው ነበር። እኔ ችኩል ነኝ፤ «ቶሎ በይ፣ አሸዋ አይተሽ አታውቂም?» እላታለሁ።

አንድ ቀን ሊጣል ከነበረ መጽሔት ላይ አንድ ገጽ ቀድዳ ኪሷ ከተተች። ባቡር ውስጥ ስታሳየኝ የከተማ ሥዕል ነው። ቢጫና ሰማያዊ ቤቶች፣ አበባ የተንጠለጠለባቸው የእንጨት በረንዳዎች፣ ከቤቶቹ ጀርባ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ጀርባ ባሕር። ካርታሄና ይባላል፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው። ስፔኖች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው የገነቡት ወደብ ነው ይላል ጽሑፉ። «ይኼን አይቼ ለእማዬ እነግራታለሁ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን በአራት አጥፋ መለሰችው።

እናቷ ኮምቦልቻ በአሰብ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። ወደቡ ክፍት በነበረበት ዘመን ከአሰብ የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ እሳቸው ጋ አፉን ሳያብስ አያልፍም። ዕድሜ ልካቸውን ወደብ፣ ወደብ ሲባል ሰሙ፤ ባሕር ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሹፌሮቹን «ለመሆኑ ወደብ ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሹፌር የደከመው ሰው ነው። «ሙቀት ነው እንጂ ምን ይመስላል፣ እናት» ይላቸውና ሻዩን ጨርሶ ይሄዳል። ጓደኛዬ ልጅ ሆና ጠረጴዛ ስትወለውል ይህን ጥያቄና ይህን መልስ ስትሰማ ነው ያደገችው። ከዚያ ወደቡ ተዘጋ፣ መኪኖቹ ተመናመኑ፣ ሹፌሮቹ አረጁ። ጥያቄው ግን እንደተጠየቀ ቀረ።

ከአገር ከወጣች ወዲህ እናቷን አላየችም። ዓመቶቿ በወረቀት ጉዳይ ነው ያለቁት፤ ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ፣ ቢሮ በቢሮ ላይ። የጀርመን ፓስፖርት ስታገኝ ለፋሲካ ኮምቦልቻ ለመግባት ቲኬት ቆረጠች። ነገር ግን ከአምና የተረፈ ኡርላውብ ነበራት፤ እዚህ አገር የዓመት ዕረፍት በጊዜው ካልወሰዱት ይቃጠላል። በስልክ እናቷን አማከረች። እኔም አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ለጥቂት ቀን ብለሽ እንዳትመጪብኝ» አሏት፤ «ለፋሲካ መጥተሽ ጠግቤሽ ትሄጃለሽ። አሁን ያንን ከተማሽን እይ። ወደቡን ደህና አድርገሽ አይተሽ ትነግሪኛለሽ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

እኔ እንድከተላት ያደረገችኝ በምላሷ ነው። «አንቺ ልብሽ ደርቋል፣ ትንሽ ባሕር ያርሰዋል» አለችኝ። የእኔም ዕረፍት ሊቃጠል ነበር። ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ኡንተርሊደርባህ፣ ሰፈራችን ቀረና እኛ በክረምቱ ልብሳችን፣ በሻንጣችን ነጠላ ጫማ ይዘን፣ ስንጠርገው የኖርነው ዓይነት አውሮፕላን ውስጥ እንደ ሰው ተቀመጥን። ልንወርድ ስንል ብርድ ልብሷን አጣጥፋ፣ የበላችበትን ፍርፋሪ ለቃቅማ በወረቀት ጠቀለለችው። «ለሚጠርጉት ብዬ ነው» አለች። አፍሬ የራሴንም ለቀምኩ።

እነዚያን ቀናት ሳስታውስ በቅደም ተከተል አይመጡልኝም። የሚመጣልኝ ቀለም ነው፤ የተላጠ ቢጫ፣ ከሱ ስር ሮዝ፣ ከሮዙ ስር ደግሞ የድሮ ሰማያዊ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ፀሐይ ባንዱ ወገን ስትሆን ሰው ሁሉ በሌላው ወገን ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል። እኛም ታከክን። ከበረንዳዎቹ የሚወርደው ሐምራዊ አበባ ፀጉራችን ላይ ይረግፋል፣ እኛም አናራግፈውም። በየበሩ የነሐስ ማንኳኪያ አለ፤ አንዱ እንሽላሊት፣ አንዱ የአንበሳ ራስ፣ አንዱ ዓሣ። ድሮ የቤቱ ጌታ ማንነት በማንኳኪያው ይታወቅ ነበር አሉን፤ ዓሣው የባሕር ሰው ቤት ነው። «የእናትሽ ሻይ ቤት ቢሆን ምን ይደረግበት ነበር?» አልኳት። «በሩ መቼ ተዘግቶ ያውቅና ነው ማንኳኪያ የሚያስፈልገው» አለችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ ሰው ስሜን ከጠየቀኝ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ከየት እንደሆንኩ ነው። እዚያ ከተማ ከየት ናችሁ ያለን የለም። ሕዝቡ ግማሹ እኛን ይመስላል፤ አዛውንቶቹ አቅጣጫ ይጠይቁናል፣ ልጆች ኳስ አቀብሉን ይሉናል፣ ሁሉም በስፓኒሽ። ከሰዓቱ ማማ ስር ባለው አደባባይ ቆመን ቀዝቃዛ ውሃ ስንጠጣ አስጎብኚ የያዙ ጀርመኖች መጡ። አስጎብኚው በጀርመንኛ፣ ይህ አደባባይ ከአፍሪካ በመርከብ የመጡ ሰዎች የሚሸጡበት ነበር ይላል። ጀርመኖቹ ዘወር ብለው እኛን አዩን፤ የአገሩ ሰዎች መስለናቸው ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ። ጓደኛዬ ጠርሙሷን ከደነች። «እነዚያ የተሸጡትም ወደብ ምን እንደሚመስል የሚነግራቸው አልነበረም» አለችና ጥላ ወዳለበት ሄደች።

የስልኳ ውል ከአውሮፓ ውጭ ስለሚያስከፍል ዘግታው ነበር፤ ለእናቷ የድምፅ መልእክት የምትልከው በእኔ ስልክ ነው። በየቀኑ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የዋለችበትን ታወራቸዋለች፤ ስለ በሮቹ፣ ስለ አበባው፣ ሰው መስለን ስለመዋላችን። እናቷም ይመልሳሉ። አንድ ማታ፣ ኮምቦልቻ ሳይመሽ የላኩትን ድምፃቸውን ከፈትነው፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። «ቤቶቹን ተያቸው፣ ልጄ፤ ቤትማ እዚህም አለ። እኔ የምጠይቅሽን ታውቂያለሽ። ወደቡ ምን ይመስላል?»

ጓደኛዬ ሳቀች። ሳቋ ከባድ ነው፤ በሥራ ቦታችን ምግብ ቤት ስትስቅ ሦስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ይዞራል። ልትመልስላቸው ስልኩን አነሳችና ተወችው። «ወደቡንማ ገና በደንብ አላየሁትም። ነገ ጠዋት ግንቡ ላይ ወጥቼ፣ እያየሁ ነው የምነግራት» አለች። ፎጣዋን ይዛ ልትታጠብ ገባች።

ውሃው ሲወርድ እየሰማሁ ስልኬ ጠራ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ከኮምቦልቻ። እዚያ ሊነጋጋ ነው። «እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ይህን ሲል ገባኝ። እናታቸው በእንቅልፋቸው አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬውኑ ከሰዓት ነው። «ለእሷ እንዳትነግሪ» አለኝ፤ «ፍራንክፈርት ላሉት እትዬ ደውያለሁ። እሳቸው ያውቃሉ።»

እትዬ የምንላቸው ሮደልሃይም፣ ከጓደኛዬ ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። በከተማው ያለን ሐበሾች ሠርጋችንም ልቅሷችንም በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። ወዲያው ደወሉ። ጀርመን እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ግን ድምፃቸው ውስጥ እንቅልፍ የለም። «ስሚ» አሉኝ፣ «ባዕድ አገር፣ ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም። ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? አንቺ አንድ ሰው ነሽ፣ አንድ ሰው ደግሞ ለቀስተኛ አይሆንም። ስትመለሱ በማግስቱ ማልደን፣ ተሰብስበን፣ ቤቷ ገብተን እናረዳታለን። እስከዚያ ሆድሽ ይፍጀው። አብያት። ባዶ ሆዷን መርዶ እንዳይገጥማት።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ጓደኛዬ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ እያንጎራጎረች ወጣች። ደስታዋ ሙሉ ነበር፤ አንድም የጎደለው ነገር የለም። ያን ደስታ አንድ ቃል ተናግሬ ላፈርሰው እችላለሁ፤ ባልናገርም ሰንብቶ ይፈርሳል። ተኛሁ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግንቡ ላይ ወጣን። ሰፊ ነው፤ መኪና ያስኬዳል። ስፔኖቹ ያጠመዷቸው መድፎች አሁንም በየቀዳዳው አፋቸውን ወደ ባሕሩ እንደከፈቱ ተጋድመዋል፤ ጧት ጧት ሰው ከጎናቸው ይሮጣል። አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ መጣች፤ ሰፊ ባለ ብዙ ቀለም ቀሚስ ለብሳ፣ ሳፋ ሙሉ ማንጎና ፓፓያ በራሷ ላይ ተሸክማ። ጥሬ ማንጎ ከትፋ ጨውና ሎሚ አድርጋ ሰጠችን። ከዚያ ጓደኛዬን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ሳፋውን አንስታ ራሷ ላይ አስቀመጠችባት። ልታስቃት ነበር። እሷ ግን ኮምቦልቻ ውሃ ስትቀዳ ያደገች ናት። እጆቿን ለቅቃ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ግንቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደች። ሻጯ አጨበጨበች። ጓደኛዬ ያን ሳቋን ሳቀች፤ የሚሮጡት ሰዎች ሁሉ ቆሙ።

«ስልኩን ያዢልኝ፣ አሁን ነው የምነግራት» አለችኝ። ያዝኩላት። አንድ እጇ ላይ ማንጎ ነበር።

«እማዬ፣ ይኼውልሽ። ወደብ ማለት ውሃው ማለቂያ የለውም፤ ግን አያስፈራም። መርከቦቹ የቆሙ ይመስሉሻል፤ ዘወር ብለሽ ስትመለሺ ግን ቦታቸው ላይ አታገኚያቸውም። ዕቃ የሚያነሱት ብረቶች በገበያ ቀን እንደምናያቸው ግመሎች አንገታቸውን አርዝመው ተደርድረዋል። ሽታውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። እነዚያ ሹፌሮችሽ ሲገቡ ልብሳቸው የሚሸተው ነው፤ ናፍጣና ጨው። ለካ እነሱ ናቸው ይዘውልሽ የሚመጡት። አንቺ ወደብን በአፍንጫሽ ስታውቂው ነው የኖርሽው፣ እማዬ።» ከዚያ ማንጎው ኮመጠጣትና እንደገና ሳቀች።

ሰዓቱን አሰላሁ። ኮምቦልቻ ከሰዓት ሆኗል፤ ፍትሐቱ አልቆ አፈር እየተመለሰ ነው። መልእክቱን ላክሁት። ባልልከው ትጠይቀኛለች። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ መልሱ ወደ ተጠየቀበት ቤት መሄድ ያለበት መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሟ በጽሑፍ መለሰ፦ የእናታችን ስልክ ድምፅ መላክ አቃተው፤ መስማት ግን ትሰማለች። ጓደኛዬ አነበበችው። «በቃ፣ ከሰማች ይበቃኛል» አለች።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ቀናት ሌላ ከተማ ውስጥ ያለፉ ይመስለኛል። ቀለሙ ያው ነው፤ እኔ ግን ውሃ ውስጥ ሆኜ እንደማየው ሆነብኝ። እህል አልወርድ አለኝ። እትዬ አብያት ያሉኝ እኔን ነው፤ የምታበላኝ ግን እሷ ሆነች። «ሙቀቱ ጎዳሽ፣ ፊትሽ ገርጥቷል» ትለኝና ጥላ ፈልጋ ታስቀምጠኛለች፤ የሎሚ ውሃ ገዝታ፣ ጠርሙሱን ግንባሬ ላይ ታደርግልኛለች። ሐዘንተኛዋ አስተዛዛኟን ታስታምማለች። አንጀቴን በላችው። አንዳንዴ ልናገር አፌን እከፍትና «ዛሬ ነፋስ አለ» እላለሁ።

አንድ ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ትልቅ ምሽግ ልናይ ሄድን። በሆዱ ውስጥ ጨለማ መተላለፊያዎች አሉት። በአንዱ ጫፍ የተነገረ በሌላው ጫፍ እንዲሰማ ተደርጎ ነው የተሠራው አሉን፤ ጠላት ሲመጣ ወታደር ኮቴውን እንዲሰማ። ጓደኛዬ እኔን አንዱ ጫፍ ላይ ትታ ሮጠች። ጨለማ ውስጥ ቆምኩ። ከዚያ በግድግዳው በኩል፣ ጆሮዬ ስር፣ ሹክሹክታ መጣ። የእናቷን አነጋገር አስመስላ «ወደብ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ተጫውታ ነው። እኔ ግን ግንቡን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሮጣ ተመለሰች። «ምነው፣ አልተሰማሽም?» አለችኝ። «ተሰምቶኛል» አልኳት።

ፍራንክፈርት ስንመለስ ዝናብ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ሄደን፣ ዋናው ጣቢያ ቀይረን ሮደልሃይም ወረድን። እሷ በሻንጣው ጎማ ድምፅ ላይ ትስቃለች፤ ለእናቷ የገዛችው ባለ ዓሣ ማንኳኪያ ሻንጣው ውስጥ ይንኳኳል። በሩ ተዘግቶ ባያውቅም ይሰቀልላታል አለች። እኔ ነገ ጠዋትን ነው የማስበው። በከተማው ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው የሚሉት ነው፤ ከእሷ በቀር። ማልደው ሊመጡ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ቀረኝ እያልኩ ደረጃውን መውጣት ጀመርን።

የማላውቀው ነገር ነበር። ጀርመን ቤት ውስጥ ማለዳ አይጮህም፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። እትዬ ይህን ከብዙ ዓመት ልምድ ያውቁታል። ስለዚህ በዋዜማው፣ እኛ አየር ላይ ሳለን፣ ራሳቸው መጥተው የጎረቤቶቹን በር አንኳኩ። ጀርመንኛቸው አጭር ነው፤ ቁምነገሩን ግን ይዟል። የዚች ልጅ እናት ሞታለች፣ ነገ ጠዋት እናለቅሳለን፣ ይቅርታ አድርጉልን አሉ። ሁሉም እሺ አሏቸው። እትዬ ልጅቷ ገና አልሰማችም አላሉም። ለማን ይባላል? እኛ ዘንድ መርዶ ሊነገር ነው ከተባለ፣ ሟቹ የሞተበት ሰው አያውቅም ማለት ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ያሉት ጀርመን ሽማግሌ ኮቴያችንን ሲሰሙ በሩን ከፈቱ። ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አብሰው ነበር የጠበቁን። ለጓደኛዬ እጃቸውን ዘረጉ። «ማይን ሄርዝሊሄስ ባይላይድ» አሏት። እዚህ አገር ሰው ሲሞትበት ብቻ የሚባል ነው። ጓደኛዬ ይህን ቃል ታውቀዋለች።

እጃቸውን እንደያዘች ቆመች። «ለማን?» አለቻቸው በጀርመንኛ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ያኔ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነው?» አለችኝ።

እትዬ የፈሩት ይህንኑ ነበር። ሰው የለም፣ ደጋፊ የለም፣ አንድ እኔና ሻንጣ። አልዋሸኋትም። «እናትሽ» አልኳት።

«መቼ?»

«ግንቡ ላይ ከመውጣታችን በፊት በነበረው ሌሊት።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ «አንቺም?» አለችኝ። ያችን ቃል አሁንም እሰማታለሁ። መልሴን አልጠበቀችም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ጮኸች። እኔም አጠገቧ ወደቅሁ። የያዝኩትን ሁሉ፣ እነዚያን ዝም ያልኩባቸውን ቀናት ሁሉ፣ እዚያ ደረጃ ላይ አለቀስኩት።

የደረጃው መብራት ትንሽ በርቶ በራሱ ይጠፋል፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው። ጠፋ። ሽማግሌው ማብሪያውን ተጫኑት። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተጫኑት። ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ በሩንም አልዘጉም። እኛ ስናለቅስ እሳቸው ግድግዳው ስር ቆመው፣ በጠፋ ቁጥር መብራቱን ያበሩልን ነበር። በኋላ ውሃ በብርጭቆ አመጡ፤ እሷ አልጠጣም ስትል ብርጭቆውን ይዘው ደረጃው ላይ ከእኛ በታች ተቀመጡ። ጥፋታቸው እንደሆነ አውቀዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም።

በማግስቱ እትዬ ሰውን አስከትለው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ሳያሰሙ ወጡ። ጓደኛዬ በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ዓይኗ አብጧል፤ «ግቡ» አለቻቸው። እትዬ እኔን አዩኝ። ሁሉም ከተላቀሰና ከተረጋጋ በኋላ ማድ ቤት ጠሩኝ። «ምን ብዬሽ ነበር? ሰው በሌለበት?» አሉኝ።

«ሰው ነበረ፣ እትዬ» አልኳቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ ለለቀስተኛው ከመጣው ዳቦ ትልቁን ቆርሰው በሳሕን አደረጉና፣ በዚያ አጭር ጀርመንኛቸው ለሽማግሌው ሊሰጡ ወደ ታች ወረዱ።

ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አላናገረችኝም። በሥራ ቦታ አብረን እንጠርጋለን፤ የአሸዋው አውሮፕላን ሲመጣ ሳትነካው ታሳልፈዋለች። አርባውን ልታወጣ ኮምቦልቻ ሄደች። ማንኳኪያውን ይዛው እንደሄደች አየሁ። እኔ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ጓደኛ እንዳጣሁ ቆጥሬው ነበር፤ በባቡር ስመለስ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ።

በተመለሰች በሳምንቱ ደወለችልኝ። «ሳክሰንሃውሰን ነይ፣ ወንዙ ዳር» አለችኝ። ፀሐይ ነበር፤ ጀርመኖቹ ሣሩ ላይ ተጋድመዋል። አንድ ረጅም የጭነት ጀልባ የማይንን ወንዝ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከኋላው ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን የላክሽው» አለች ወንዙን እያየች፣ «ማንጎ እየበላሁ የሳቅሁበት። ከቀብር ተመልሰው ድንኳን ሲገቡ ነው የደረሰው። የእማዬ ስልክ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነበር። ማጥፋት ትዝ አላለውም። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከፈተው፤ የኔ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው።»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«እነዚያ ሹፌሮች ነበሩ። የቀሩት ሁሉ መጥተው ኖሯል፤ ሁሉም ሽማግሌ ሆነዋል። ወንድሜ ሊዘጋው ሲል አንዱ ሽማግሌ ተወው አሉት። እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ ሳቄን ሁሉ። ከዚያ እኚህ ሰው እውነቷን ነው፣ እንዲህ ነው አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ስትጠይቀን ሙቀት ነው እያልን ሻይዋን ጠጥተን ሄድን አሉ። እያለቀሱ። እንደገና አሰማኝ አሉት።»

ጀልባው ድልድዩ ስር ገባ። «ተቀይመሽኛል?» አልኳት።

«ተቀይሜሻለሁ» አለች። «ግን ብትነግሪኝ ኖሮ አልነግራትም ነበር። ወደቡን ማለቴ ነው። ሳልነግራት ይቀር ነበር።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ስልክሽን አምጪው። የሷ ድምፅ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ሰጠኋት። መልእክቶቹን ወደ ላይ ገፍታ፣ ገፍታ፣ ዶሮ ከኋላ የሚጮኽበትን አገኘችና ነካችው። እናቷ ቤቶቹን ተያቸው አሉ። ወደቡ ምን ይመስላል አሉ። ልትዘጋው ጣቷን አነሳች፤ ስልኩ ግን ሳይጠብቃት ወደሚቀጥለው አለፈና «እማዬ፣ ይኼውልሽ» አለ፣ በራሷ ድምፅ። ጣቷን መለሰችው። በጥያቄውና በመልሱ መሀል አንድ ሌሊት ነበር፤ ስልኩ ላይ ግን ያ ሌሊት የለም።